ከመሃል የተቆረጠ ንባብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ኬክ አስቆረሱኝ፣ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ከዚያም ሰደቡኝ። ሰዳቢው ስድብ መሆኑን አላወቀም። ሰዉም አጨበጨበለት። ዳግም የሚባለው ሥራ አስኪያጃችን ማይክሮፎኑን ይዞ ፈገግ አለና፣ «ወይዘሮ ውድነሽ ጡረታ ቢወጡም ድምፃቸው ጡረታ አይወጣም! ድምፃቸውን ለኮምፒውተር አስተምረነዋል። ከእንግዲህ እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስ በእሳቸው ድምፅ መነበቡን ይቀጥላል» አለ።

ጋቢውን አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አልኩት።

«ሰርፕራይዝ ነው እኮ፣ ወይዘሮ ውድነሽ! ለክብርዎ ብለን ነው።»

«ኮምፒውተሩ ከማንበቡ በፊት ይጸልያል?»

ዳግም ሳቀ፤ አዳራሹም አብሮት ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ከልቤ ጠይቄ አላውቅም። አልፈቅድም ብዬ ወጣሁ፤ ኋላም ጠበቃ ይዤ ሄጄ ነገሩን አስቀረሁት። ያ ጉዳይ በዚያው አለቀ። ቁጣዬ ግን አላለቀም። ልጆቼ «እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን አናደደሽ? ተይው በቃ» ይሉኛል። አልተውም። ለምን እንደማልተው የሚገባው ሰው ካለ ከመነሻው ልንገረው።

በመጀመሪያ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ዛሬ ሕንፃ በበቀለበት ቦታ፣ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ የሚቀዳ አንድ ትንሽ ድርጅት አንባቢ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ደመወዙ ከአስተማሪነቱም ያንስ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። የተመደብኩት መጽሐፍ ቅዱስ በሚቀዳበት ክፍል ሲሆን የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ይርጋ ነበሩ። ጋሽ ይርጋ በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ንባብ ቤት የጨረሱ፣ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልስት፣ ከኦሪት ዘፍጥረት አንድ ምዕራፍ ተወጣሁት። ሙገሳ እየጠበቅኩ ቀና አልኩ።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ምን አነበብሽ?»

ምዕራፉን ነገርኳቸው።

«እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ። አንቺን ምን አለሽ?»

ወደ ገጹ አቀረቀርኩ።

«እንግዲያው አላነበብሽውም፤ አለፍሽበት እንጂ። ነገ እንደገና።»

እየተብከነከንኩ ቤቴ ገባሁ። የመምህርነት የምስክር ወረቀት ያለኝን ሰው ማንበብ አልቻልሽም ይሉኛል? በነጋታው ገስግሼ ሄድኩ፤ ስህተታቸውን ላሳያቸው። ጋሽ ይርጋ ግን ቀድመውኝ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የዚያን ቀን ያየሁት ነገር እስኪሞቱ ድረስ የማይለወጥ ልማዳቸው ነበር።

የዕለቱን ክፍል መጀመሪያ ለጆሯቸው ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ ያነቡታል። ከዚያ ደግመው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ አንድ ቃል እስኪያቆማቸው ድረስ ይሄዳሉ። ቃሉ ሲያቆማቸው መጽሐፉን ጣታቸው ላይ ዘግተው ይቀመጣሉ። ቆየት ብለው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አጠገባቸው ላለ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ያመሰግናሉ፣ አንዳንዴ ይከራከራሉ፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። በመጨረሻ ወሬውም ያልቅና ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማይክሮፎኑ ፊት የሚቀርቡት። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ «እኔን ያላናገረኝን ለሰው ልናገር?» አሉኝ።

ሙያውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትንፋሽ የሚሳበው መስመሩ ባለቀበት አይደለም፤ ሐሳቡ ባረፈበት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ እርሳስ ይዘን የማረፊያውን ቦታ አስቀድመን እናመለክታለን። እግዚአብሔር በሚናገርበት ቦታ ድምፄን ሳወፍር ይቆጡ ነበር፤ «ተዋናይ አታድርጊው!» እያሉ። ገጽ ሲገለጥ እንዳይሰማ ጫፉን አስቀድሞ ማንሣት አለ። በጾም ወቅት ደግሞ ቀትር ሲቃረብ የሆዳችን ጩኸት ማይክሮፎኑ ውስጥ እየገባ ስላስቸገረ ጠዋት ብቻ እንቀዳ ነበር።

ትልቁ ችግራችን አውሮፕላን ነበር። አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲያርፍ የክፍሉ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ቀረፃውን የሚቆጣጠረው ሰው እጁን ሲያነሣ እናቆማለን። ሌሎቹ አንባቢዎች ሰዓታቸውን እያዩ ያጉረመርማሉ። ጋሽ ይርጋ ግን ጣታቸውን ያቆሙበት ቃል ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የቆምኩበትን ቃል ይዤ እቆያለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

እኔም መቆየት ለመድኩ። አንድ ጠዋት አዳም ከተደበቀ በኋላ እግዚአብሔር ወዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ላይ ስደርስ አውሮፕላን መጣ። እጅ ተነሣ፣ ቆምኩ። ጣቴ ጥያቄው ላይ ነበር። ድምፁ ጣሪያውን እየነቀነቀ ሲያልፍ፣ ጥያቄው ለአዳም መሆኑ ቀርቶ ለእኔ ሆነ። ወዴት ነሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የተመላለስኩ ሴት ነኝ፤ የት እንዳለሁ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አውሮፕላኑ ካለፈም በኋላ መቀጠል አቃተኝ። ጋሽ ይርጋ በመስታወቱ በኩል አይተውኝ፣ ለባለሙያው «ተዋት» ሲሉ ከአፋቸው አነበብኩ።

ከዚያ ባለቤቴ በመኪና አደጋ ሞተ። ሐዘኔን ጨርሼ ስመለስ ተራው የኢዮብ መጽሐፍ ሆኖ ጠበቀኝ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «አላነብም» አልኩ። «እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ።»

ጋሽ ይርጋ አልደነገጡም። «ነግረሽዋል?»

«ለምን እነግረዋለሁ? ያውቀው የለ!»

«እሱማ ያውቃል። አንቺ ግን ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የተቀየምሽው። ዞር በይና ፊት ለፊት ተቀየሚው። ኢዮብ ያደረገው ይህንኑ ነው።»

አነበብኩት። ድምፄ እየተሰበረ፣ አፍንጫዬን እየጠራረግኩ፣ አንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጋሽ ይርጋ አንዱንም ቦታ አላስደገሙኝም። እንደዚያ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እዚያ ዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር። አንብቤ፣ ቆሜ፣ ያለኝን ቁጣ ሁሉ ለራሱ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የማውቅባቸው ቀናት በዙ። ለእኔ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ማለት ይህ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ራእይ አላየሁም።

ጋሽ ይርጋ ሞቱ። ድርጅቱም ረጂ አጥቶ ተዘጋ። እኔንና የቀረፃ ክምችታችንን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ የድምፅ ሥራ ኩባንያ ወሰደን። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ አውሮፕላን ቀርቶ ነጎድጓድ አይሰማም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ነው አውሮፕላኑን የናፈቅኩት፤ ሰውን የሚያቆም ምንም ነገር አልነበረማ!

ዳግም ክፉ ሰው አይደለም። ችኩል ነው። ቸኩሎ ያደረገው ግን ክፉ ሰው አስቦበት ከሚያደርገው አላነሰም። ከንባቤ ዝምታውን በኮምፒውተር እየለቀመ ያወጣው ጀመር። ከሥሩ ሙዚቃ ያስገባል። ከምዕራፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመዝና የፀሐይ መውጫ ፎቶ ለጥፎበት በየስልኩ ይበትነዋል።

«ዳግም፣ እዚህ ጋ ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም» አልኩት።

«ወይዘሮ ውድነሽ፣ ሰው ዝምታ ሲሰማ ስልኩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ስክሮል አድርጎ ያልፋል።»

«ይለፍ! የሚቆየው ይቆያል።»

«ኮንቴንት እንደዚያ አይሠራም።»

ኮንቴንት! ነቢያት ደማቸውን ያፈሰሱበትን ነገር ኮንቴንት አለው። ለበላይ አለቆች አቤት አልኩ፤ «ዘመኑ ነው» ተባልኩ። ዘመኑ ምን አደረገ? ዘመኑ እጅ አለው?

አንድ ቀን ጥበቃው ደውሎ «የሚፈልጉዎት ሰው አሉ፣ በጣም ተቆጥተዋል» አለኝ። ወረድኩ። ሻሽ ያሰረች፣ ስልኳን እንደ ዱላ የጨበጠች ሴት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማለች።

«ውድነሽ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ይሄ የእርስዎ ድምፅ ነው?» ስልኩን ከፈተችው።

የእኔ ድምፅ ነው። ከኢሳይያስ መጽሐፍ፣ በእርሱ ቁስል እንደተፈወስን የሚናገረው ቦታ ነው። ወዲያው አንድ የማላውቀው የወንድ ድምፅ ተተካና፣ ያመነ ሰው መድኃኒቱን ይጥላል፣ መድኃኒት የያዘ እጅ ፈውስ አይቀበልም እያለ ይጮኻል። ከዚያ እንደገና የእኔ ድምፅ፣ ለስለስ ብሎ፣ «ተፈወስን» ይላል።

ሴትየዋ ዘሃራ ትባላለች፤ ከወሎ የመጣች ነጋዴ ናት። ሳሊተ ምሕረት ሰፈር አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አላት። ከሱቋ በላይ የምትኖር ሰናይት የምትባል ጎረቤት አለቻት፤ ፀጉር ቤት ያላት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ለረጅም ጊዜ የስኳር ሕመምተኛ የሆነች ሴት። ሰናይት ኢንሱሊኗን ያስቀመጠችው ዘሃራ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። መጥታ መውሰዱን ስትተው ዘሃራ ለምን ብላ ጠየቀቻት። ሰናይት ይህንን ከፍታ አሰማቻት፤ የእኔም የኩባንያውም ስም ከሥሩ ተጽፏል።

«እግሯ ላይ ቁስል አለ» አለችኝ ዘሃራ። «ይሸታል። እኔ የእናንተን መጽሐፍ አላውቅም። ግን ወላሂ፣ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይሙት የሚል አምላክ የለም። እርስዎ ነዎት ያሉት፣ እርስዎ መጥተው ይንገሯት!»

መጀመሪያ የዘሃራን ስልክ ይዤ ወደ ዳግም ወጣሁ። በሩን አላንኳኳሁም።

«ይህን ማን ሠራው?»

ሰማው። ፊቱ ቀላ። «እኛ የሸጥነው የእርስዎን ንባብ ብቻ ነው። ሌላው ንግግር የደንበኛው ነው። ብዙ ተከታይ ያለው ሰባኪ ነው።»

«ከመውጣቱ በፊት ሰምታችሁታል?»

ስልኩን መለሰልኝ።

«ሰምታችኋል ወይ ነው የምልህ!»

«ይዘቱ የእኛ ኃላፊነት አይደለም፣ ወይዘሮ ውድነሽ።»

ብዙ አለቆች አይቻለሁ። ሰነፍ አይቻለሁ፣ ጉረኛ አይቻለሁ፣ ፈሪም አይቻለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የጠላሁት ነገር ግን የለም።

የዚያኑ ቀን ከዘሃራ ጋር ሳሊተ ምሕረት ሄድኩ። ሰናይት ስሜን ስትሰማ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ድምፄን በየጠዋቱ እየሰማች ነው ፀጉር ቤቷን የምትከፍተው። እጄን ይዛ አስገባችኝ። አንድ እግሯን ትጎትታለች። እኔም ተቀምጬ መናገር ጀመርኩ። ቃሉ ከመሃል እንደተቆረጠ፣ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ኃጢአት ቁስል እንደሆነ፣ ሰባኪው ቀጣፊ እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ቁጣዬ ሁሉ ወጣ። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሲያነቡ ነው ያመንኩት» አለችኝ በመጨረሻ። «መርፌ ከሰለቸኝ ዓመታት አልፈዋል። እግዚአብሔር በእርስዎ ድምፅ በቃሽ አለኝ ብዬ እልል ብያለሁ። አሁን መጥተው አላለም ይሉኛል። የትኛዋን ውድነሽ ልመን?»

«እኔን! እዚህ ያለሁትን!»

«እዚያኛዋ ረጋ ያለች ነበረች» አለችና በሩን አሳየችኝ።

ሌላ ጊዜ ሄድኩ፤ አልከፈተችም። ጥቅስ በጥቅስ ልረታት በስልክ ሞከርኩ፤ ዘጋችብኝ። ዘሃራ ኢንሱሊኑን ይዛ ደጇ ላይ ስትለምን ትውል ነበር። አንድ ማለዳ ሰናይት ራሷን ስታ ተገኘች። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉት፤ እግሯን ግን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ እንደዚህ የተሸነፍኩበት ግን የለም። እውነቱ እጄ ላይ ነበር፤ ግን ላደርስላት አልቻልኩም።

ሆስፒታል ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ዘሃራ ኮሪደር ላይ ይዛኝ፣ «ስትነቃ ኢንሱሊኑን እንቢ ብላለች» አለችኝ። «እግሬ የተቆረጠው እምነቴ ጎድሎ ነው፣ አሁን እንኳ ልመን ትላለች።»

በቀጥታ ከሥራ ስለመጣሁ የኢሳይያስ መጽሐፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በእርሳስ የማረፊያ ምልክት የተደረገበት። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለመከራከር አቅሙም አልነበረኝም። «ሰናይት፣ ምንም አልልሽም። ላንብብልሽ?» አልኳት። አያንብቡ አላለችኝም።

እንደ ጋሽ ይርጋ አደረግኩ። በልቤ ጸለይኩና የአሦር ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከሚያስጨንቅበት ምዕራፍ ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ አንድ ሐሳብ ባረፈ ቁጥር እኔም አርፋለሁ። ጥቂት አንብቤ ሄድኩ። በነጋታው መጣሁ፣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። እንደዚያ እየተመላለስኩ፣ አንድም ማብራሪያ ሳልጨምር፣ ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ወደሚተኛበት ቦታ ደረስን። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዳለቀሰ ሳነብ ሰናይት ትንፋሿን ያዘች። ዝም አልኩ። አልቸኮልኩም።

«ቀጥይ» አለች። ከዚያ ወዲያ አንቺ ነው የምትለኝ።

እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ ዕድሜም ጨመረለት። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት ያዝዛል። እሱን አንብቤ ቆምኩ።

ሰናይት ቀስ ብላ ዞረች። «ምን አልሽ? ድገሚው።»

ደገምኩት።

«በለስ? ቁስሉ ላይ? ይፈወሳል ከተባለ በኋላ?»

«ከተባለ በኋላ።»

«ራሱ ኢሳይያስ ነው?»

«ራሱ።»

«ይሄኛውም በድምፅሽ ተቀድቷል?»

«ሙሉው ተቀድቷል።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያለቀሰችው ግን በሐዘን አልነበረም። አልጋውን በጡጫዋ መታችው። «ታዲያ ይህን ለምን ቆረጡብኝ!» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ ዞሩ። «ለምን ቆረጡብኝ!» ነርሷ ሮጣ መጣች። ሰናይት እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት።

ከዚያ በኋላ ያ የንባቤ ቅንጣቢ ከስልኮች ላይ በጸጥታ ወረደ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ሰናይት አቤቱታ ብታቀርብም ሰባኪው እስከ ዛሬ ይሰብካል፤ ተከታዩም በዝቷል። እኔ ሙሉ መጽሐፍ ካልሆነ አላነብም ስላልኩ ሥራ እየነፈጉኝ ጥግ አስቀመጡኝ። እንዲያም ሆኖ ለዓይነ ስውራኑ የሚሄደውን ሙሉ ቅጂ የሚከላከል ሌላ ሰው ስላልነበረ ጡረታዬ እስኪደርስ አልወጣሁም። ከዚያ ያ ኬክና ያ ጋቢ መጣ።

አሁን የምኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ሰናይት በሰው ሠራሽ እግሯ ቆማ ፀጉር ቤቷን ከፍታለች፤ ሰኞ ሰኞ ስለምትዘጋው ወደ እኔ ትመጣለች። ዘሃራ አንዳንዴ ታደርሳትና ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ባለፈው ሰኞ ዓይኔን አሞኝ ስለነበር ሰናይት መጽሐፉን ተቀበለችኝ። አነባበቧ ለማይክሮፎን አይሆንም፤ ትደነቃቀፋለች፣ መስመር ይጠፋባታል። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ እሰማለሁ። የደረስነው ወንጌሉ ስለ ጠላት በሚናገርበት ቦታ ነበር፤ ስለሚያሳድዷችሁ ጸልዩ በሚለው ላይ። እዚያ ጋ ቆመች። እኔም አብሬያት ቆየሁ።

ሰናይት «ጌታ ሆይ፣» አለች፣ «ያ ሰባኪ... ያ ዳግም የሚባለው ሰውም...» እግሯን ስታሻሽ ይሰማኛል። «እዘንላቸው» አለች በስተመጨረሻ፤ እንደ ልመናም እንደ ስድብም አድርጋ።

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ለጌታ ለራሱ አልወጣልኝም ብዬ ነገርኩት፤ ፊት ለፊት፣ እየተቆጣሁ። ሰናይት አላስቸኮለችኝም። ገጹን ሳታዞር፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች።